ማን ምን ይበላል

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976

ዛሬ ሁለት ባልዲ ቀይ ወጥ ደፋሁ። ሁለት ባልዲ! በሆቴሉ የቀድሞ ባለቤት በሙሴ ያኒ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ግሪኩ እኔንም ከወጡ ጋር ይደፋኝ ነበር።

ይህን ደብተር የገዛሁት የጎደለ ዕቃ ልጽፍበት ነበር። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ። ግን የጎደለውን ለማን ላመልክት? የሚሰማኝ ስለሌለ ለራሴ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆቴላችን ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነው። መቶ አርባ ሁለት ሠራተኛ አለን፤ ሁሉም ምሳውን ምድር ቤት ወርዶ ከእኔና ከዙሌካ ይቀበላል። እኔ የክርስቲያኑን ድስት እሠራለሁ፣ እሷ የእስላሙን። የእሷ ሥጋ ለብቻው ይታረዳል፣ ቢላዋዋ ለብቻ፣ ጭልፋዋ ለብቻ። ተሳስቼ ብነካባት "ወላሂ ጣትህን ነው የምከትፈው" ትለኛለች። አሁን ረመዳን ነው፣ የእሷ ሰዎች ምሳ አይበሉም። ከክርስቲያኑ ግማሹ የሰኔን ጾም ይዣለሁ ይላል፣ ግማሹ የቄስ ጾም ነው ብሎ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በግምት አበስላለሁ፣ በባልዲ እደፋለሁ።

የፐርሶኔሉ ኃላፊ ጓድ ነጋ ባልዲዎቹ አጠገብ አገኘኝ። አፍንጫውን ያዘ።

"ጓድ ወጋየሁ፣ ይሄ እኮ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም ስደፋው አንጀቴ እያረረ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው በየቀኑ ስንት ሰው ጾም፣ ስንት ሰው ፍስክ እንደሚበላ ቁጥሩን አምጣልኝ። በዚያ ልክ እናዛለን።"

እሰይ! ሦስት ዓመት ሙሉ የጮኽኩት ይሄን ነበር። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ደግሞ፣ "ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከወዳጅ አገሮች ብዙ እንግዳ ይመጣል፤ ላይኛው ኩሽና ሰው ሊያንሰው ነው" አለኝ።

ላይኛው ኩሽና የእኔ ኩሽና ነው። ከሙሴ ያኒ ሥር አሥራ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ወደ ምድር ቤት የወረድኩት አንድ የኮሚቴ ሰው ሥጋውን ሦስት ጊዜ "አልበሰለም" ብሎ ሲመልስብኝ፣ "ጫማ እስኪሆን ነው የምጠብቀው?" ስላልኩ ነው። አፌ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

በችኮላ። ቆጠርኩ። ሽሮ የወሰደ ሰባ ስምንት። ሥጋ የወሰደ ክርስቲያን አሥር። በረቡዕ! ከአሥሩ ሦስቱ ካድሬዎች ናቸው፣ ጓድ ነጋ ራሱ አንዱ ነው። ሃይማኖት እንደሌላቸው ሰው እንዲሰማላቸው ሥጋውን ጮክ ብለው ነው የሚጠይቁት። የቀሩት ሰባቱ ሰሃናቸውን ዝቅ አድርገው ይዘው ጥግ ጥጉን ይይዛሉ። ከሰባቱ አንዷ ጫልቱ ደግሞ ጭራሽ አትቀመጥም፤ ድርሻዋን በምሳ ዕቃ ታስደርግና ትሄዳለች።

ለምን እንደሆነ ምን አገባኝ። እኔ ጭልፋ ነኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 17

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከነፋስ ስልክ እስከ ሳሪስ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ቤት ውዬ ዝርዝሩን ሠራሁ። በማስመሪያ አሠመርኩ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ። አንደኛው ረድፍ ጾመኛ። ሁለተኛው የእስላም ሥጋ። ሦስተኛው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን።

ባለቤቴ ዓለሚቱ ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችው።

"ቁጥር ነው የጠየቁኝ አላልከኝም?"

"ቁጥር ያለ ስም ምን ይሠራል? አንዱ ቀርቶ ሌላው ሲመጣ በምን አውቃለሁ?"

"አንተማ ታውቃቸዋለህ። እነሱ ስሙን ምን ያደርጉታል?"

"የኩሽና ነገር አትግቢ" አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ኩሽና የገባችው እሷ መሆኗን ረስቼው አይደለም፤ እልህ ይዞኝ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰባት ስም ገባ። ሦስቱን ካድሬዎች አልጻፍኳቸውም፤ እነሱ ለምን እንደሚበሉ ይታወቃል። ሲያልቅ ወረቀቱ ያምር ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እዚያ ሆቴል ውስጥ ማን ምን እንደሚበላ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። ይሄን እንኳ ይወቁልኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 18

ሰጠሁ። ጓድ ነጋ ሁለቱን ረድፍ ገረፍ አድርጎ አለፈና ሦስተኛው ላይ ቆየ። "ጓድ ወጋየሁ፣ ይሄ ከጠየቅሁህ በላይ ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ ላይኛው ኩሽና ምንም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ረመዳን ካለቀ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ልክ ገባ። አሥር ቀን ሙሉ አንድ ጭልፋ ወጥ አልደፋሁም። ዙሌካ ሳትቀር "ደግ ሠራህ" አለችኝ። ዙሌካ ሰው አታመሰግንም።

ዛሬ ደግሞ ሳቅን። ለበዓሉ እንግዶች ሲገቡ በር ላይ ስምንት ሴቶች የስምንት ብሔረሰብ ልብስ ለብሰው አበባ ይሰጣሉ ተብሏል። የወለጋውን ልብስ ለጫልቱ ሰጧት። ጫልቱ የመኝታ ክፍል ሠራተኛ ናት፣ የጊምቢ ልጅ፣ ከቤታችን ጀርባ የምትኖር። ጠዋት ጠዋት ጭቃውን አብረን ነው የምንዘለው። ልብሱን ለክታ እንደለበሰችው ምድር ቤት ወረደች።

"ጋሼ ወጋየሁ፣ ይዩኝ እስቲ! የአገሬን ልብስ አዲስ አበባ ላይ ለመልበስ ፈረንጅ መምጣት ነበረበት?"

"ያምርብሻል። ብቻ እጅሽ ለምዶ በአበባው ፋንታ አንሶላ እንዳትሰጫቸው" አልኳት።

እስክትንበረከክ ሳቀች። ከበዓሉ በኋላ በር ላይ የቆሙት ሪሴፕሽን ይመደባሉ ብሏታል ጓድ ነጋ። ሪሴፕሽን! ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ያነጠፈች ልጅ። ቅዳሜ ለዋቅጅራ እነግረዋለሁ አለች። ዋቅጅራ ባሏ ነው፤ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዞ ከታሠረ ሦስት ዓመት ሞላው። ስንቅ የምታመላልስለት እሷ ብቻ ናት፣ ሌላ ዘመድ የለውም። ይህ ደሞዝ ቢቀርባት ሁለቱም አለቀላቸው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 6

ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ። አንድ ሰዓት ተኩል! እግሬ አብጧል። ጓድ ነጋ "በዚህ ሆቴል ከዘጠኝ ክፍለ አገር የመጣ ሠራተኛ አለ፤ ሁሉም እኩል ነው፤ ማንም በብሔሩም ሆነ በሃይማኖቱ አይጠየቅም" አለ። አጨበጨብን። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ሙሴ ያኒ ሳሎን ውስጥ የሚያሠራው መልኩን አይቶ ነበር፤ ይሄ እንኳ ቀርቷል ብዬ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። "የሥራ ሽግሽግ"። ሰባት ሰው። ሁለት አስተናጋጆች ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት። የሊፍቱ ሰው ወደ አትክልት። የመጠጥ ቤቱ ልጅ ወደ ማሞቂያ ክፍል። ሁለት ሴቶች ወደ ሰሃን ማጠቢያ። ጫልቱ ወደ ላውንደሪ።

እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ አንዳቸውም አልቀሩም።

በር ጠባቂው በንቲ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ጺሙን ያክካል። "ወጋየሁ፣ እነዚህን ምን አገናኛቸው? አንዱ ከምባታ ነው፣ ሁለቱ ወላይታ፣ እሷ ወለጋ፣ ያቺ ደግሞ የዚሁ የነፋስ ስልክ ልጅ ናት። ሥራቸው አይገናኝ፣ አገራቸው አይገናኝ።"

"እኔ በምን አውቃለሁ" አልኩት።

የሽሮ ዱቄት ሊያልቅ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ተጠራሁ። "ከሰኞ ጀምሮ ላይኛው ኩሽና።" በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት!

ለዓለሚቱ ነገርኳት። "ሰባቱ የወረዱ ሳምንት አንተ ወጣህ?" አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? እንኳን ደስ አለህ ማለት ያንቃታል? ለበዓል የሚሠራ ሰው ቢፈለግ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው። የሠራተኛ ሽግሽግ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ የታዘዝኩትን ጻፍኩ፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

ላይኛው ኩሽና። ድንቄም ኩሽና! ምስራቅ ጀርመን ስድስት ወር ተምሮ የመጣ ልጅ ሼፍ ሆኗል፤ ሾርባ ሲያፈላ ክዳኑን አይከፍትም። ነገርኩት። "አባባ፣ ያንተ ጊዜ አልፏል" አለኝ። አባባ! አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ካሮት አስከተፈኝ።

ቢሆንም መስኮት አለው። ከምድር ቤት በኋላ መስኮት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የወረደ ነው።

ዙሌካ በሥራ መሐል መጥታ ጠራችኝ። በእኔ ቦታ የላኩት ሰውዬ ጭልፋዋን ከክርስቲያኑ የሥጋ ድስት ከትቶባት ጭልፋውን ጥላዋለች። "ወርደህ ሥራህን ያዝ" አለችኝ። ሥራዬ እዚህ ነው አልኳት። "ጫልቱን አየሃት? ላውንደሪ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ታስላለች" አለችና ሄደች። እኔ ምን ላድርግ? እስቲ ምን ላድርግ?

እሑድ፣ ሐምሌ 22

ዛሬ ተረኞች ነበርን፤ ከጫልቱ ጋር ተመለስን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች ነገረችኝ።

"ጓድ ነጋ አስጠራኝ፣ ጋሼ። ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ኦርቶዶክስ ነኝ አልኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ወረቀት አይቶ ሳቀብኝ።"

የምን ወረቀት አላልኳትም። የአንድ ፋብሪካ ፉጨት ጮኸ፤ ሰምቼው እንደማላውቅ ቀና ብዬ ወደዚያ አየሁ። ሳሪስ ጋ አንድ ከባድ መኪና ውኃ ረጨብን። እኔ ሾፌሩን ሰደብኩ፣ እሷ ቀሚሷን ጠረገች። በራችን ላይ ስንለያይ "እግዜር ያክብርልኝ" አለችኝ። ለምኑ እንደሆነ አላውቅም።

ታዝዤ ነው የጻፍኩት። ታዝዤ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 30

ጓድ ነጋ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። ያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በቀይና በሰማያዊ የተሠመረው።

"ሰባቱም ካዱ" አለኝ። "ሁሉም ኦርቶዶክስ ነን ይላሉ። ወረቀት ብቻ አይበቃም። ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ ሕፃን ሳይቀር ይጾማል። ዓርብ ዕለት ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ምሳ ሰዓት ምድር ቤት ይቀመጣሉ። ሥጋው በዛ ብሎ ይሠራ። ካድሬ ሳይሆን በፍልሰታ ሥጋ የሚወስድ ክርስቲያን ጴንጤ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ከሥራም ይሰናበታል፣ ለሚመለከተው ክፍልም ይተላለፋል። አንተ ትወርዳለህ። አንተ ነህ የምታውቃቸው፤ ስትጨልፍላቸው ለኮሚቴው በዓይንህ ምልክት ትሰጣለህ።"

"እኔ የሾርባ ሥራ አለብኝ" አልኩ።

"ከዓርብ በኋላ ሾርባው በሙሉ ያንተ ነው" አለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ዓለሚቱ ለቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ቤት ቀረሁ፤ በምን ፊቴ እሄዳለሁ።

እስቲ ልጻፈው። ማንም አያነበውም። ሰኔ 12 ቀን የጻፍኩትን ገልጬ አየሁት፤ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ቁጥሩን አምጣልኝ ነው ያለኝ። ቁጥሩን። ስም አላለም። ስሙን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱን ካድሬዎች ትቼ ሰባቱን ስጽፍ ረድፉ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ለማን እዋሻለሁ? አውቄ ነበር። ብቻ ሰው ያደንቀኛል ብዬ ነው። ይሄ ሰውዬ ሠራተኛውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል እንዲሉልኝ ነው። መስኮት ያለው ኩሽና ለማግኘት ነው።

ለሰባቱ "ዓርብ ሥጋ እንዳትወስዱ" ብላቸው ያልቃል። ሦስት ቃል ነው። ግን በምን አወቅህ ቢሉኝስ? ማን ጻፈን ቢሉኝስ? ዛሬ ጠዋት የሊፍቱን ሰው አትክልት ውስጥ ሲቆፍር አየሁት፤ ሄድኩ፣ ሄድኩና "ዝናቡ በረታ" ብዬው ተመለስኩ። ፈሪ! ተልካሻ!

ዓርብ፣ ነሐሴ 4

ሁሉንም ልጻፈው፤ እጄ ገና ጭስ ይሸታል።

ጠዋት ሃያ ኪሎ ሥጋ ሰጡኝ። ጥሩ ሥጋ፣ የሻኛና የታፋ፤ እንዲህ ያለ ሥጋ ለሠራተኛ መጥቶ አያውቅም። ከተፍኩት። ቁሌቱን በደንብ አስተካክዬ አበሰልኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሽታው ጥሩ ነበር። በግራ በኩል ትልቁ የሽሮ ድስት፣ በቀኝ የዙሌካ ድስት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቱን ጨመርኩበት። ክዳኑን ከደንኩ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና እጄን አጣጠፍኩ።

መጀመሪያ የሸተታት ዙሌካን ነው። "ወጋየሁ! ወጥህ!"

"ተይው" አልኳት።

"እያረረ ነው ሰውዬ!"

"ዙሌካ፣ ተይው።"

አየችኝ። ድስቱን አየች። ደረጃው ላይ ወንበር ይዘው የሚወርዱትን ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች አየች። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሥጋው ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ወጥ አሳርሬ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ። ሙሴ ያኒ በዚህ ብቻ ነበር የሚያምነኝ። ጭሱ ጣሪያውን ሲሞላው እንባዬ መጣ፣ ጭሱ ነው ብዬ በሽርጤ ጠረግሁት።

ጓድ ነጋ እየሮጠ ወረደ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ኋላው አፈገፈገ፤ ጥቁር ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ? ምን አደረግህ?"

"ረሳሁት።"

"አንተ? አንተ ረሳሁት?"

"አባባ ተብዬ የለ። እርጅና ነው" አልኩት።

"ይሄ አሻጥር ነው! አንቺስ አልሸተተሽም?"

ዙሌካ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። "ወላሂ ጓድ፣ ጉንፋን ይዞኝ ምንም አይሸተኝም" አለች። ሽንኩርት እየከተፈች!

ሰልፉ ገባ። ለክርስቲያኑ ሽሮ፣ ሌላ ምንም የለም። ሁሉም ሽሮ ተቀበለ። ሰባቱም ሽሮ፣ ካድሬዎቹም ሽሮ፣ የኮሚቴው ሰዎችም የሚበሉት ሲያጡ ሽሮ። አንደኛው "ጥሩ ነው" ብሎ አስጨመረ። ደብተራቸው ላይ ምንም አልጻፉም።

ጫልቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ቀረበች። "ሥጋ የለም፣ ጋሼ?"

"አርሯል።"

ፊቷ ጨለመ። ምሳ ዕቃዋን መልሳ ዘጋችና ሰሃን አነሳች፣ ተቀምጣ በላች። ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ዓርብ ቀን ስትበላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ራሴን ጀግና እንዳላደርግ። ለሰባት ሰው "ስማችሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ከማለት ሃያ ኪሎ ሥጋ ማሳረር ስለቀለለኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ጠዋት ጫልቱ በበራችን ስታልፍ ዓለሚቱ ጠርታ አስገባቻት። ምሳ ዕቃው በእጇ ነው።

"ጋሼ ወጋየሁ፣ ምን ሆነው አሳረሩት?"

"ረሳሁት አልኩሽ እኮ።"

"ዛሬ ለዋቅጅራ ባዶ ሽሮ ይዤለት መሄዴ ነው። ሆዱን ያመዋል፣ ሽሮ አይስማማውም። ስንቅ የሚገባው ረቡዕ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ድስት ነው የበላው።"

"ያ ሥጋ ለእሱ ነበር? አንቺስ ምን ትበዪ ነበር?"

"ምን እበላለሁ፣ ጋሼ? አንድ ሰው አንድ ጭልፋ አይደል ሕጉ? ረቡዕና ዓርብ ድርሻዬን ይዤለት እሄዳለሁ፣ ጦሜን እውላለሁ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በጾም ቀን ሰው ፊት ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፤ እንዳይታወቅብኝ ብዬ።"

አንድ ሰው አንድ ጭልፋ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ በእጄ ጽፌ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ባሏ መታሠሩን አውቃለሁ፣ ስንቅ ማመላለሷን አውቃለሁ፣ ምሳ ዕቃዋን በየሳምንቱ ሁለት ቀን በገዛ እጄ እሞላለሁ። ማን ምን እንደሚበላ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ!

"ጫልቱ፣ ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ?"

"የጠራኝ ጊዜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ነበር። የእጅ ጽሑፍዎን አጣዋለሁ? የምሳ ካርዴ ላይ አለ እኮ።"

"ታዝዤ ነው" አልኩ።

ምሳ ዕቃውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረች። "ቁጥር ነው የጠየቅሁት፣ ስሙን ራሱ ነው የጨመረው ብሎ ነገረኝ" አለች። በቁጣ አላለችውም። በቁጣ ብትለው ይሻለኝ ነበር። ዓለሚቱ ቀና ብላም አላየችኝ።

ከዚያ "ሰዓት ረፈደብኝ" ብላ ወጣች። ያን እሑድ ጭቃውን አብራኝ ስትዘል አውቃ ነበር። በራችን ላይ "እግዜር ያክብርልኝ" ስትለኝም አውቃ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ተወሰነብኝ። ወደ ምድር ቤት፣ በቋሚነት። አሻጥር ነው ብለው ሊያስሩኝ ፈልገው ነበር፤ ከኮሚቴው ሰዎች ያ ሽሮ ያስጨመረው "ሽማግሌ ነው፣ ተዉት" አለ አሉ። ላይኞቹ ምግብ አብሳዮች "አሳራሪው" እያሉ ይጠሩኛል። ያ ምስራቅ ጀርመን የተማረው ልጅ በደረጃው ሲያየኝ አፍንጫውን ይይዛል። ክዳን የማይከፍት ልጅ!

ሰባቱ ከሥራ አልተባረሩም፤ ማስረጃ አልተገኘም። ወደ ቦታቸውም አልተመለሱም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 1977

እንቁጣጣሽ ነው፤ እኛ ግን ሥራ ላይ ነን፤ እንግዶቹ እየገቡ ነው። ላውንደሪ ወርጄ የሽርጥ ቅያሪ ስጠይቅ ጫልቱ የወለጋውን ልብስ ካውያ ታደርጋለች። በሩ ላይ የምትለብሰው የሪሴፕሽኗ ማርያም ናት። ማርያም የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም፤ አጠገቧ ቆማ "እንኳን ደህና መጣችሁ በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚባለው? ድገሚልኝ" ትላታለች።

ጫልቱ ደገመችላት። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ማርያም ልክ እስክትለው። ከዚያ ልብሱን አልብሳ መቀነቱን አስተካከለችላት። "ወደታች አትጎትቺው፣ እኛ አገር ከፍ ተደርጎ ነው የሚታሰረው" አለቻት።

ሽርጡን ሳልይዝ ወጣሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 4

በዓሉ አለፈ። ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን "አንድ ሰው አንድ ጭልፋ" ቀድጄ ጣልኩት። ዙሌካ "ምን ነካህ?" አለችኝ። የሥጋውን ድስት በትንሽ እሳት፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ፣ ስቀምስ ስቀምስ አበሰልኩት። እንዲህ ተጠንቅቄ ለሚኒስትርም አብስዬ አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ጫልቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ገባች። ጭልፋዬን አነሳሁ። ከሥሩ ለስላሳ ለስላሳውን መርጬ ሁለት፣ ሦስት ልጨምርላት። አጥንት የሌለውን ለብቻ ገፋ አድርጌላት ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ" አለችና አለፈችኝ። ወደ ዙሌካ ድስት ሄዳ ቆመች።

ጊምቢ ላይ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? የክርስቲያን ልጅ፣ የእስላም ሥጋ! ሰልፉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዙሌካ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እሷን። ምሳ ዕቃውን ተቀብላ እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያ በሌላ ሰሃን ጨምራ "ያ የእሱ ነው፣ ይሄ ያንቺ። ቁጭ ብለሽ ብዪ፣ አጠገቤ" አለቻት። ጫልቱ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ተቀመጠች። እኔ የያዝኩትን ጭልፋ መልሼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩት።

ሰልፉ ሲያልቅ ጓድ ነጋ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወረደ። ለአዲሱ ዓመት ትዕዛዝ ነው አለ።

"ዛሬ ስንት ሰው በላ?"

"መቶ አርባ ሁለት" አልኩት።

ጻፈና ወጣ። ስም አልጠየቀኝም። ያኔም አልጠየቀኝም።